ስሊፕ አፕኒያና የክብደት መቀነሻ መርፌ፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ47 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ተሳቢ እነዳለሁ። ክብደቴ 98 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። ባለቤቴ ሌሊት በጣም እንደማንኮራፋና አንዳንዴም ትንፋሼ ቆሞ ደንግጣ እንደምትቀሰቅሰኝ ትነግረኛለች። ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ የደም ግፊቴም በተደጋጋሚ ተለክቶ 150 በ95 ነው ተብያለሁ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆምበት ሕመም) ላለበት ሰው የሚታዘዝ የክብደት መቀነሻ መርፌ አሜሪካ ውስጥ እንዳለ ነግራኝ፣ በቴሌሄልዝ (በርቀት ሕክምና) የሚያዝ ድርጅት ቅጽ ላከችልኝና የእሷን አድራሻ አስገብተን ሞላነው። «ብቁ ነዎት» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። በቤተሰብ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ካንሰር አለ ወይ ለሚለው «የለም» ብያለሁ፤ እናቴ ግን በወጣትነቷ እንቅርት በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል። እህቴ በመጪው ወር ስትመጣ የአንድ ወር መድኃኒት ይዛልኝ ትመጣለች። እውነት ብቁ ነኝ? ልጀምረው?»

ምላሽ፦ በክብደትዎ በኩል መስፈርቱን ያሟላሉ፤ በስሊፕ አፕኒያ በኩል ግን ብቁ መሆን አለመሆንዎ ገና አልታወቀም፤ ምክንያቱም እስካሁን እንቅልፍዎን የለካ ማንም የለም። ስለዚህ እህትዎ የምታመጣውን መርፌ እንዳይጀምሩ እመክርዎታለሁ። ይህን የምለው መድኃኒቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ በሽታ ሕክምና ላይ ብዙ ተስፋ ያሳደረ መድኃኒት ነው። የምከለክልዎት ሊታከም የሚገባው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ በሌላ ሰው አድራሻ፣ ለአንድ ወር ብቻ የሚጀመር ሕክምና ስለማይጠቅምዎት ነው። ከመርፌው የሚቀድም አንድ ጉዳይም አለ፤ እርሱም ተሳቢ እየነዱ መሆንዎ ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ የክብደቱን ስሌት እንመልከት። 98 ኪሎ በቁመትዎ ስኩዌር፣ ማለትም 1.72 በ1.72 ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ሲካፈል 33 ገደማ ይሆናል። ይህ ቢኤምአይ የሚባለው ምጣኔ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለእነዚህ መድኃኒቶች ያስቀመጠው መስፈርት ምጣኔው 30 እና ከዚያ በላይ መሆኑን፣ ወይም 27 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከውፍረት ጋር የተያያዘ ቢያንስ አንድ ሌላ ሕመም፣ ለምሳሌ የደም ግፊት፣ ዓይነት 2 ስኳር ወይም ስሊፕ አፕኒያ መኖሩን ይጠይቃል። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ዊጎቪ በሚለው የንግድ ስሙ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ቲርዜፓታይድ ደግሞ ዜፕባውንድ በሚለው ስሙ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለክብደት ቅነሳ የተፈቀዱት በዚህ መስፈርት ነው። እርስዎ 33 ስለሆኑ በዚህ በር ለመግባት ስሊፕ አፕኒያ እንኳ አያስፈልግዎትም ነበር።

ታዲያ ቅጹ ስለ ማንኮራፋትዎ ለምን አጥብቆ ጠየቀ? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ቲርዜፓታይድ ውፍረት ላለባቸውና መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች ተፈቀደ። ለስሊፕ አፕኒያ ተብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ለክብደት ቅነሳ ብቻ የሚታዘዝ መድኃኒትን በሕግ አይሸፍንም ነበር፤ ለስሊፕ አፕኒያ ሲታዘዝ ግን ሊሸፈን የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። የዜፕባውንድ የወር ዋጋ ገበያ ላይ ሲወጣ ከ1,000 ዶላር በላይ ስለነበረ፣ «ስሊፕ አፕኒያ» የሚለው ቃል በመዝገብ ላይ መገኘቱ መድን ለሚጠይቅ ሰው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ማስታወቂያው ሁሉ ይህን ሕመም የሚጠራውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በዚህ በር የሚገባ ሰው ወረቀት ይጠየቃል፤ ወረቀቱም አንድ ሙሉ ሌሊት ተለክቶ የተገኘ ውጤት ነው።

በሽታው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፤ በአንገትና በምላስ ሥር ስብ የተከማቸበት፣ መንጋጋው ትንሽ የሆነ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ላይ የላላው ጉሮሮ ተጣብቆ አየር ይዘጋል። ደረቱና ሆዱ ለመተንፈስ ይታገላሉ፣ አየር ግን አያልፍም፤ የደሙ ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎሉ ደንግጦ ለአፍታ ያነቃዋል፤ በኃይል አንኮራፍቶ ይተነፍስና መልሶ ይተኛል። ጠዋት ሲጠየቅ ይህን ሁሉ አያስታውስም፤ «እንቅልፍማ እተኛለሁ፣ ግን አያጠግበኝም» ይላል። ይህ የትንፋሽ መቆም ወይም በጣም መቀነስ ቢያንስ 10 ሰከንድ ሲቆይ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። መርፌው ለስሊፕ አፕኒያ የተፈቀደው ከ15 ጀምሮ ላሉት ነው። እርስዎ 8 ይሁኑ ወይም 60፣ ክብደትዎንና ማንኮራፋትዎን በማየት ብቻ እኔም ሆንኩ የቨርጂኒያው ቅጽ ልናውቅ አንችልም።

አንድ ቤተሰብ ትዝ ይለኛል። ባል፣ ሚስትና ልጆች ኮምቦልቻ፣ እኔ ደሴ ክሊኒክ ውስጥ ሆነን በስልክ ቪዲዮ እንነጋገር ነበር። ሚስትየው ለእኔ ለመናገር አፍራ ቆይታ ሌሊት በስልኳ የቀረጸችውን ላከችልኝ። ምስሉ ጨለማ ነው፤ የሚታየው የብርድ ልብሱ ጠርዝ ብቻ ነው። ማንኮራፋቱ እየጨመረ ሄዶ በድንገት ቆመ። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ፤ 23 ሰከንድ። ከዚያ ሰውየው ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ። ወዲያው ሚስትየው በሹክሹክታ «አሁን ተመለሰ» ስትል ይሰማል። ይህን ቃል በየሌሊቱ ስንት ጊዜ ብላው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያ ቅጂ ለምርመራ አጣዳፊነት በቂ ማስረጃ ሆኖኛል፤ የምርመራውን ቦታ ግን ሊተካ አልቻለም። በኋላ ሲለካ ውጤቱ ከገመትኩት የከፋ ሆኖ ተገኘ።

በርቀት ሕክምና ከእርስዎ ጋር ብዙ ነገር ማከናወን ይቻላል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ለቴሌሄልዝ ፍትሐዊ አይሆንም። ስቶፕ ባንግ የሚባለው የስምንት ጥያቄ መለኪያ ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ ቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቆም ያየ ሰው ስለመኖሩ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ቢኤምአይ ከ35 በላይ ስለመሆኑ፣ ዕድሜ ከ50 ስለማለፉ፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ስለመብለጡና ስለ ጾታ ይጠይቃል። በጻፉልኝ ብቻ አምስቱን አዎ ብለዋል፦ ያንኮራፋሉ፣ ይደክምዎታል፣ ባለቤትዎ አይታለች፣ ግፊት አለብዎት፣ ወንድ ነዎት። አምስትና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ሥጋት ይባላል። ባለቤትዎ በልብስ ሰፊ ሜትር አንገትዎን በማንቁርትዎ ልክ ትለካዎት፤ ከ40 ካለፈ ስድስት ይሆናሉ። ረዳትዎንም ይጠይቁት፤ ጋቢና ውስጥ ከእርስዎ ጋር የሚያድር ሰው ከባለቤትዎ የማያንስ ምስክር ነው። ይህ ሁሉ በስልክ ይሠራል። ይሁን እንጂ የእንቅልፍ ሕክምና ባለሙያዎች መመሪያ በግልጽ እንደሚለው፣ በመጠይቅ ብቻ ስሊፕ አፕኒያ አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም። መጠይቁ ማን መመርመር እንዳለበት ይለያል እንጂ ምርመራ አይሆንም።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሆስፒታል ታድሮ የአንጎል ሞገድ፣ የልብ ምት፣ የአየር ፍሰት፣ የደረትና የሆድ እንቅስቃሴ እንዲሁም ኦክስጅን አብረው የሚመዘገቡበት ሙሉ የእንቅልፍ ጥናት ነው። ሁለተኛው በቤት የሚደረግ ሲሆን በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ፣ በደረት መታጠቂያና የደም ኦክስጅን በሚለካ የጣት ኦክስሜትር የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ወይም የነርቭና የጡንቻ በሽታ ለሌለበትና እንደ እርስዎ ሥጋቱ ከፍ ላለ ሰው የቤቱ ምርመራ በቂ ነው፤ በአሜሪካም በቴሌሄልዝ በአግባቡ የሚሠሩት መሣሪያውን ወደ ታካሚው ቤት ልከው ውጤቱ በሐኪም ከተነበበ በኋላ ያዝዛሉ። እርስዎ ግን ይህን ከኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ተነሥተው፣ ደሴ ላይ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት አይቶዎት፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ አዲስ አበባ በሪፈር ሊያገኙት ይገባል። መንገዱ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ለአንድ ሌሊት መለኪያ ይህን ያህል መድከም የሚገባው ሕመም መሆኑንም ስለማውቅ ነው የምልዎት።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር የሚያነብ ሐኪም ሊያስተውለው የማይችለውን አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ትወርዳለች፤ እርስዎ ጅቡቲ ሲደርሱ ባሕር ጠለል ላይ ያድራሉ። በከፍታ ቦታ የሚተኛ ጤነኛ ሰው እንኳ የኦክስጅን መጠኑ በባሕር ጠለል ከሚተኛው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሦስት ቦታ ቢለኩ በሦስቱም ተመሳሳይ ቁጥር አይጠብቁ። ምርመራው የትኛው ከተማ ላይ እንደተደረገ ለሚያነበው ሐኪም ይንገሩ፤ ቢቻል አብዛኛውን ሌሊት በሚያድሩበት ቦታ ይለኩ። ከፋርማሲ ገዝተው ጣት ላይ የሚያስሩት ኦክስሜትርም ለብቻው አያረጋግጥም፣ ነጻም አያወጣም።

አሁን ወደ አድራሻው ልምጣ። በአሜሪካ በርቀት የሚያክም ሐኪም በምክክሩ ሰዓት ታካሚው ባለበት ግዛት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ሐኪም ቨርጂኒያ ለሚገኝ ሰው እንጂ ኮምቦልቻ ለሚገኝ ሰው አያዝም። እናንተ የእህትዎን አድራሻ ስትሞሉ ይህን ጥበቃ ዘላችሁታል። ይህን የምለው ሕግ ልጠቅስብዎት ሳይሆን፣ በክፉ ቀን የሚሆነውን ስለማስብ ነው። መርፌውን በወጉ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሆድዎ ቢቆርጥና ወደ ጀርባዎ ቢወጋዎት፣ ያ ሐኪም እርስዎ የት እንዳሉ አያውቅም፤ ድንገተኛ ክፍል የሚቀበልዎት የኛ ሐኪም ደግሞ ምን እንደወሰዱ አያውቅም። መድኃኒቱን የሚያዝልዎት ሰው ሊያገኙትና ሊያገኝዎት የሚችል መሆን አለበት። በርቀትም ቢሆን እዚሁ አገር ውስጥ ሥራ ፈቃድ ያለው፣ ግፊትዎንና የደም ምርመራዎን በአቅራቢያዎ ማስለካት የሚችል ሐኪም ይሁን።

የእናትዎ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፤ ደስ ያለኝም ራስዎ ስላስታወሱት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት በራሱ ወይም በቤተሰቡ ላለበት ሰው፣ እንዲሁም ኤምኢኤን 2 የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የዕጢዎች ሕመም ላለበት ሰው አይሰጡም። ማስጠንቀቂያው የመጣው በአይጦች ላይ በታየ ዕጢ ሲሆን በሰው ላይ እንደዚያ ማድረጉ አልተረጋገጠም፤ ጥንቃቄው ግን ይጠበቃል። በእኛ ደጋ እንቅርት የሌለበት ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው፤ አብዛኛውም በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንጂ ካንሰር አይደለም። ተራ እንቅርት መድኃኒቱን አይከለክልም። ነገር ግን «እንቅርት ወጥቶላታል» የሚለው ቃል በውስጡ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ በወጣትነት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም አንዳንድ ጊዜ ለዕባጩ ጥርጣሬ ሲባል ይሆናል። እናትዎ በሕይወት ካሉ ይጠይቋቸው፦ የት ተሠራ፣ የወጣው ዕጢ ለፓቶሎጂ (ለናሙና ምርመራ) ተልኮ ነበር ወይ፣ ከዚያ በኋላ ክትትል ተደርጎ ነበር ወይ፣ በወንድም በእህት እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ። ወረቀት ካለ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት። ወረቀቱ ካልተገኘ ካልሲቶኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ማዘዝ አለማዘዝ የሐኪምዎ ውሳኔ ነው።

እንቅርት ለሌላም ምክንያት ያሳስበኛል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይወፍራል፣ ይደክማል፣ ያንኮራፋል፤ ጉሮሮን የሚጫን ትልቅ እንቅርት ደግሞ በራሱ ትንፋሽ ይዘጋል። እርስዎም በአንገትዎ ላይ ዕብጠት ካለ፣ ብርድ የማይችሉ ከሆነ፣ ሆድ ድርቀት ካለብዎት፣ ቲኤስኤች የሚባለውን ምርመራ ያስደርጉ። ውጤቱ የታይሮይድ እጥረት ከሆነ በመርፌ ሳይሆን በእንክብል የሚታከም ሕመም ይዘዋል ማለት ነው። ማንም ቅጽ ይህን አይጠይቅዎትም።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት 469 ሰዎችን ለ52 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። ሲፓፕ (ሌሊት በጭንብል አየር የሚገፋ መሣሪያ) በማይጠቀሙት ላይ በሰዓት ከ50 በላይ የነበረው የትንፋሽ መቆራረጥ በቲርዜፓታይድ በአማካይ በ25 ገደማ ቀንሷል፤ መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ በተሰጣቸው ላይ በ5 ገደማ ብቻ። የሰውነት ክብደታቸውም 18 በመቶ አካባቢ ወረደ። ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን እንመልከተው፦ ከ50 ላይ 25 ሲቀነስ 25 ይቀራል፤ 25 ደግሞ አሁንም መካከለኛ ስሊፕ አፕኒያ ነው። ከአምስት ሰዎች ሁለቱ ገደማ ሕክምና ወደማያስፈልጋቸው ደረጃ ደርሰዋል፤ ቀሪዎቹ ተሻላቸው እንጂ አልዳኑም። ለዚህ ነው ከመጀመርዎ በፊት መለካት፣ ከዚያም ክብደትዎ ሲወርድ እንደገና መለካት የሚያስፈልገው። መነሻው ያልተለካ ሰው ምን ያህል እንደተሻለው በምን ያውቃል?

የአንድ ወር መድኃኒት ስለማምጣቱም ስሌቱን ልስጥዎት። ቲርዜፓታይድ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሲሆን የሚጀመረው በ2.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም ለአራት ሳምንታት የሚሰጥ ሆድ የማለማመጃ መጠን እንጂ የሚያክም መጠን አይደለም። ከዚያ 5፣ ከዚያም ቢያንስ በየአራት ሳምንቱ በ2.5 እየጨመረ ይሄዳል። ለስሊፕ አፕኒያ የሚቆዩበት መጠን 10 ወይም 15 ነው። 10 ላይ ለመድረስ ቢያንስ ሦስት ወር ያስፈልጋል። እህትዎ የምታመጣው ማለማመጃውን ብቻ ነው፤ ማቅለሽለሹን ያዩታል፣ ጥቅሙን ግን አያዩትም። መድኃኒቱ ሲቆም ክብደት እንደሚመለስም ታይቷል፤ በአንድ ጥናት 36 ሳምንት ወስደው ያቆሙ ሰዎች በቀጣዩ ዓመት 14 በመቶ ያህል ክብደት መልሰዋል። ሻንጣ ሲመጣ ብቻ የሚገኝ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሕክምና አይሆንም።

ሙቀትም አለ። ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ 21 ቀን ይቆያል፤ በረዶ ከሆነ ይጣላል። እርስዎ ባቲን አልፈው ወደ ሚሌ ሲወርዱ ጋቢናው ውስጥ 30 ዲግሪ ይቅርና 40 ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ዳሽቦርድ ውስጥ ያደረ መርፌ መርፌ አይደለም። በዚያ ሙቀት ላይ መድኃኒቱ የሚያመጣው ማስታወክና ተቅማጥ ሲጨመር የሰውነት ውኃ ያልቃል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። በጾም ወቅት፣ ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፣ መጠን የሚጨመርበትን ሳምንት ከጾሙ መጀመሪያ ጋር እንዳይገጥም ማድረግ እመርጣለሁ። ቆሽትዎ ታሞ የሚያውቅ ከሆነ፣ የሐሞት ጠጠር ካለብዎት፣ ስኳር ካለብዎትና ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከወሰዱ ይህ ሁሉ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይነገር። ይህን የምታነብ እህት ካለች፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ቲርዜፓታይድ ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንታት ሊደክም ስለሚችል ተጨማሪ መከላከያ ያስፈልጋታል።

ወደ መንዳቱ እመለሳለሁ። መርፌው ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ወራት ይፈልጋል፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ ግን በአምስት ሰከንድ ማንቀላፋት ከመንገድ ይወጣል። ያልታከመ ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ነጂ የአደጋ ዕድሉ ከሌላው ከፍ እንደሚል በብዙ አገር የታወቀ ነው። አንድ ጥያቄ ለራስዎ ይመልሱ፤ ለእኔም ሆነ ለአሠሪዎ መመለስ የለብዎትም፦ ባለፈው ወር ውስጥ መሪ ይዘው ዓይንዎ ተከድኖ ያውቃል? ከመንገድ ዳር ድንጋይ ወይም ከፊት ያለ መኪና መብራት በድንገት ቀርቦ አግኝተውት ያውቃሉ? መልሱ አዎ ከሆነ ምርመራው እስኪደረግና ሕክምና እስኪጀመር ድረስ አይንዱ። መልሱ አይደለም ከሆነም ሌሊት አይንዱ፣ ለብቻዎ አይንዱ፤ ምልክት ሲሰማዎት ቆመው ሃያ ደቂቃ ይተኙ። እንጀራዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ምክር ስሰጥ ቀላል ነገር እየጠየቅሁ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። በጫት ነቅቶ መንዳትን ግን እንደ መፍትሔ አይውሰዱት። ጫቱ የእንቅልፍ ስሜቱን ይሸፍናል እንጂ ሌሊት የተቋረጠውን እንቅልፍ አይመልስም፤ ግፊትዎንም ይጨምራል፤ ሲወርድ ደግሞ እንቅልፉ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ለዚህ ነው ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ እስካሁን ቀዳሚ ሕክምና የሆነው። በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ ያሳድረዋል፤ በትክክል ከተስተካከለ በመጀመሪያዋ ሌሊት ይሠራል። ብዙዎች ጭንብሉን ስለሚጠሉት ይተዉታል፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል፤ ስለዚህ ባትሪው ከመሣሪያው እኩል ይታሰብበት። ከአሜሪካ ያገለገለ ሲፓፕ ማምጣት የሚያስቡ ከሆነ፣ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በውስጡ ያለው ስፖንጅ ስለሚፈርስ ብዙ ሚሊዮን መሣሪያዎችን ከገበያ መጥራቱን ይወቁ፤ የመሣሪያው ቁጥር ሳይጣራ አይግዙ። የግፊቱ መጠንም ከምርመራው ውጤት ነው የሚወሰነው፤ የሌላ ሰው ልክ ለእርስዎ አይሆንም።

ምርመራው እስኪደርስዎ በጎንዎ ይተኙ፤ ጀርባ ላይ የተሰፋ የጨርቅ ኳስ በጀርባ መተኛትን ይከለክላል። ማታ አረቄም ሆነ ጠላ፣ ያለ ሐኪም የሚወሰድ የእንቅልፍ ክኒንም ጉሮሮን ስለሚያላላ ይተዉ። የደም ግፊትዎን ዛሬውኑ መታከም ይጀምሩ፤ 150 በ95 መርፌ የሚጠብቅ ቁጥር አይደለም። ክብደትዎ በምግብና በእንቅስቃሴ 10 በመቶ፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ ቢወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የረጅም ጊዜ ክትትል እንዳመለከተው የትንፋሽ መቆራረጡ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ያለ መድኃኒት የሚገኝ ሩብ ስለሆነ አይናቁት።

ምርመራው ተደርጎ ውጤትዎ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የእናትዎ ጉዳይ ከተጣራና ታይሮይድዎ ደህና ከሆነ፣ መድኃኒቱን ለመጀመር ከልብ የምደግፍዎት ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ከተመዘገበ አስመጪና ከታወቀ ፋርማሲ፣ በስምዎ በተጻፈ ማዘዣ ይግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን ያስታውሱ፤ በስልክ መልእክት የሚሸጥ፣ ያለ ማሸጊያ በብልቃጥ የሚመጣ ፈሳሽ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።

እህትዎ መድኃኒቱን ገና ካልተረከበች ዛሬ ደውለው ትዕዛዙን እንድትሰርዝ ይንገሯት፤ ተረክባም ከሆነ ለራስዎም ለሌላም ሰው አይሁን። በምትኩ ልትረዳዎ ከፈለገች ለሪፈሩ መንገድና ለምርመራው የሚሆነውን ትላክልዎ። ደሴ ሲመጡ ባለቤትዎ አብራ ትምጣ፤ ሁለት ሌሊት በስልኳ የቀረጸችውን፣ የአንገትዎን ልክ፣ የግፊትዎን የሁለት ሳምንት መዝገብና ከእናትዎ ያገኙትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ትንፋሽዎ ሲቆም ከሐኪሙ ፊት ለመናገር የምትችለው እሷ ናት፤ እርስዎ ተኝተዋልና።